«ሊንክ የከፈተ ይቀጣል» የሚለው መመሪያ ይነሳልን

ለአስፈላጊ የሕዝብ አገልግሎት ሰጪ ተቋማትና ለንግድ ድርጅቶች የበላይ ኃላፊዎች፣ እንዲሁም ለቦርድ አባላት

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በእናንተ ሥር የምንሠራ የአይቲ ሠራተኞች ነን። ሰርቨር የምንጠብቅ፣ ኔትወርክ የምንዘረጋ፣ ኮምፒውተር እምቢ ሲል የምንጠራ ሰዎች ነን። የሒሳብ፣ የመዝገብ ቤትና የእንግዳ መቀበያ ባልደረቦቻችንም አንብበውት ተስማምተውበታል።

ያነሳሳን በቅርቡ ከማኔጅመንት የወረደው መመሪያ ነው። አጠራጣሪ ሊንክ ወይም አባሪ ፋይል የከፈተ ሠራተኛ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፤ ከደገመ ደመወዙ ይቆረጣል ይላል። ከመመሪያው ጋር «ስለ ሳይበር ደኅንነት ግንዛቤ አግኝቻለሁ» የሚል ወረቀት መጥቶ ሁላችንም ፈርመናል። ሥልጠናው ግን አልተሰጠም።

መመሪያውን ያወጣችሁት ተቋሙን ለመጠበቅ እንደሆነ ይገባናል። ሆኖም አይጠብቀውም። ጥቃት ሲደርስ ቶሎ እንዳንሰማ ያደርገናል፤ ጉዳቱም የዚያኑ ያህል ይሰፋል። ለምን እንዲህ እንደምንል በየተራ እናስረዳለን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ቅጣቱ ምን እንዳመጣ እንንገራችሁ። ከመካከላችን አንዱ በሚሠራበት ቢሮ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ከዕቃ አቅራቢ የመጣ የሚመስል ኢሜይል ደረሳት። «የተስተካከለ ደረሰኝ» የሚል ፋይል ተያይዟል። ከፈተችው። ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም። ስክሪኑ ላይ አንዲት ጥቁር ሳጥን ብልጭ ብላ ጠፋች። ነገሩ አላማራትም። ወደ አይቲ ልትደውል ስልኩን አነሳች፤ መመሪያው ትዝ ሲላት መልሳ አስቀመጠችው። ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራችና ሥራዋን ቀጠለች። እኛ ያወቅነው ከቀናት በኋላ ነው፤ የጋራ ፎልደሩ ውስጥ ያሉት ፋይሎች ስማቸው እየተቀየረ አንከፈት ሲሉ። ያን ጊዜ ደውላልን ቢሆን ኖሮ አንድ ኬብል መንቀል ይበቃን ነበር። ለምን እንዳልነገረችን ስንጠይቃት «ስሜ ማስጠንቀቂያ ላይ እንዳይወጣ ፈርቼ ነው» አለች። እውነቷን ነው። መመሪያው የነገራት ዝም ብትል እንደሚሻላት ነው።

ይህ የአንድ ቢሮ ችግር እንዳይመስላችሁ። የአየርላንድ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ላይ የደረሰውን ተመልከቱ። ማርች 18 ቀን 2021 አንድ ሰው በኢሜይል የመጣ የኤክሴል ፋይል ከፈተ። አጥቂዎቹ በዚያች አንዲት ኮምፒውተር ገብተው ስምንት ሳምንት ያህል ውስጥ ለውስጥ ሲዘዋወሩ ከረሙ። ሜይ 14 ገንዘብ (ቤዛ) ካልተከፈለን አንከፍተውም ብለው ሲስተሙን ቆለፉት። ሆስፒታሎች ወደ ወረቀትና እስክሪብቶ ተመለሱ። ቀጠሮዎች ተሰረዙ።

በኋላ የወጣውን የምርመራ ሪፖርት ያነበበ ሰው የሚደነግጠው በፋይሉ መከፈት አይደለም። የሚያስደነግጠው በመካከል ያለፉት ሳምንታት ናቸው። ማርች 31 የዚያችው ኮምፒውተር አንቲቫይረስ አጥቂዎቹ የሚጠቀሙባቸውን መሣሪያዎች አይቷቸው ነበር። ግን የተስተካከለው እንዲከታተል ብቻ ስለነበር አላገዳቸውም፤ መዝግቦ አለፈ። ጥቃቱ ሊፈነዳ ቀናት ሲቀሩትም ማስጠንቀቂያዎች መጥተዋል። ቁርጥራጮቹን ሰብስቦ «ቤታችን ውስጥ ሰው ገብቷል» የሚል አልተገኘም። በበላይ አመራር ደረጃ ለሳይበር ደኅንነት በኃላፊነት የሚጠየቅ አንድ ሰው አልነበረም። አጥቂዎቹ ከስድስት ቀን በኋላ የመክፈቻውን ቁልፍ በነጻ ሰጡ። እንዲያም ሆኖ ሰርቨሮቹን በሙሉ መልሶ ለማቆም እስከ ሴፕቴምበር ፈጅቷል። በአንጻሩ የዚያችው አገር ጤና ሚኒስቴር ምልክቱን ቀድሞ አይቶ ስለተንቀሳቀሰ በራሱ ሲስተም ላይ የተቃጣውን የመቆለፍ ሙከራ ማስቆም ችሏል።

ፋይሉን የከፈተው ሰው ደመወዙ ቢቆረጥ ኖሮ ከዚህ ሁሉ የትኛው ይቀየር ነበር? ሰው መቼም ይሳሳታል። በቀን ስንትና ስንት ኢሜይል የሚከፍት ሠራተኛ አንዱን ሳያስተውል ቢከፍት አይገርምም። የተቋም ጥንካሬ የሚለካው ከዚያ በኋላ ባሉት ደቂቃዎች ነው። የአቪዬሽን ዘርፍ ይህን ከተረዳ ቆይቷል። አሜሪካ ውስጥ ከ1976 ጀምሮ ናሳ የሚያስተዳድረው የሪፖርት ሥርዓት አለ። አብራሪ ሳያስበው ደንብ ጥሶ በ10 ቀን ውስጥ ራሱ ካሳወቀ፣ ነገሩ ወንጀል ወይም አደጋ እስካልሆነ ድረስ በአብዛኛው ከቅጣት ይድናል። ዓላማው ግልጽ ነው፤ ያልተነገረ ስህተት ሊታረም አይችልም።

ሁለተኛው ቅሬታችን አለቃና ምንዝርን የሚመለከት ነው። ይህን መጻፍ ከብዶናል፤ ካልጻፍነው ግን ደብዳቤው ጎዶሎ ይሆናል።

«ስብሰባ ላይ ነኝ፤ ስልክ ማንሳት አልችልም። ይህ ክፍያ አሁኑኑ ይለቀቅ። ለጊዜው ለማንም እንዳትናገር።» እንዲህ ያለ መልእክት በኃላፊዎች ስም ወደ ሒሳብ ክፍል ይመጣል። ላኪው አጭበርባሪ ነው። ይህ ማታለያ ብዙ ቴክኖሎጂ አይፈልግም። የሚሠራው፣ ሠራተኛው አለቃውን «እውነት እርስዎ ነዎት የላኩት?» ብሎ መጠየቅን እንደ ድፍረት ስለሚያየው ነው። አንድ ባልደረባችን እንዲህ ያለ ትእዛዝ ደርሶት ለማረጋገጥ ደወለ። ያን ቀን ትእዛዙ እውነተኛ ሆኖ ተገኘ። የተሰጠው መልስ «አታምነኝም ማለት ነው?» የሚል ቁጣ ነበር። ወሬው በአንድ ቀን ቢሮውን አዳረሰ። ከዚያ ወዲህ ደውሎ የሚያረጋግጥ ሰው አላየንም። ቀጣዩ ትእዛዝ ሐሰተኛ ቢሆን ገንዘቡ ዝም ብሎ ይወጣል።

መጠየቅ ስንት እንደሚያድን ማየት ከፈለጋችሁ የባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክ ታሪክ ይበቃል። በፌብሩዋሪ 2016 አጥቂዎች በባንኩ ስም ኒው ዮርክ ካለው ሒሳቡ ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ እንዲዛወር ትእዛዝ ላኩ። ሰዓቱን የመረጡት የሳምንቱ መጨረሻ እረፍት በአገሮቹ የተለያየ መሆኑን አስልተው ነው። 81 ሚሊዮን ዶላር ወደ ፊሊፒንስ ሄደ። ወደ ስሪላንካ የተላከው 20 ሚሊዮን ግን ተረፈ። የተቀባዩ ድርጅት ስም በስህተት ተጽፎ ስለነበር በመካከል ያለ ባንክ ቆም ብሎ ማብራሪያ ጠየቀ። ያን ያህል ገንዘብ ያዳነው ይህ ጥያቄ ነው። ያን ጥያቄ ያነሳው ሰው እኛ ቢሮ ቢሆን ኖሮ ሥራ አዘገየህ ተብሎ ይገሰጽ ነበር ብለን እንሰጋለን።

እዚሁ ላይ ሌላም አለ። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከፓስዋርድ ሌላ ኮድ ማስገባት) በተቋሙ ይጀመር ሲባል ሠራተኛው በሙሉ ገባበት። ኃላፊዎች ግን «በየጊዜው ኮድ ማስገባት ያሰለቻል» ብለው ከደንቡ ወጡ። የእናንተ አካውንት ደግሞ ብዙ በር ይከፍታል። አጥቂም ቀድሞ የሚፈልገው እሱኑ ነው። ኮሎኒያል ፓይፕላይን የተባለው የአሜሪካ ነዳጅ አስተላላፊ በሜይ 2021 የተጠቃው በአንድ የቆየ የቪፒኤን (ከሩቅ ወደ ድርጅቱ ኔትወርክ መግቢያ) አካውንት ነው። ፓስዋርዱ አጥቂዎች እጅ ገብቷል፤ ሁለተኛ ደረጃ ማረጋገጫ አልነበረውም፤ አካውንቱም በሥራ ላይ ነው ተብሎ አይታሰብም ነበር። በዚያች ቀዳዳ ምክንያት መሥመሩ ለቀናት ተዘጋ፤ በየማደያው ሰልፍ ሆነ። እኛም ዘንድ ሥራ የለቀቀ ሰው መልቀቂያውን ከሰው ኃይል ይወስዳል፤ ለአይቲ የሚነግረን ግን የለም። አካውንቱ ለወራት ክፍት ሆኖ ይቀመጣል።

በነገራችን ላይ ፓስዋርድ በየወሩ ይቀየር የሚለውም ደንብ ቢቀር እንመርጣለን። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ከ2017 ጀምሮ ያለ ምክንያት በየጊዜው ማስቀየርን አይመክርም። ሰው ሲሰለቸው መጨረሻ ላይ አንድ ቁጥር እየጨመረ ይሄዳል፤ ወይም ጽፎ ስክሪኑ ላይ ይለጥፈዋል። ረጅም ፓስዋርድ ይኑረው፣ ሁለተኛ ማረጋገጫ ይጨመርበት፤ ሾልኮ ከወጣ ያኔ ይቀየር።

ሦስተኛው ቅሬታ ስለ አፕዴት፣ ማለትም ስለ ሶፍትዌር ማሻሻያ ነው። ማይክሮሶፍት ማርች 14 ቀን 2017 አንድ አደገኛ ክፍተት የሚደፍን አፕዴት አወጣ። ዋናክራይ የተባለው ጥቃት በዚያው ክፍተት የገባው ሜይ 12 ነው። ሁለት ወር ገደማ ጊዜ ነበር። ሆኖም በ150 አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮች ተመቱ። እንግሊዝ ውስጥ ከ236 የጤና ተቋማት ቢያንስ 81ዱ ተስተጓጎሉ። የአገሪቱ ኦዲት መሥሪያ ቤት የደረሰበት መደምደሚያ ተቋማቱ ቀላል እርምጃ ቢወስዱ ራሳቸውን ማዳን ይችሉ ነበር የሚል ነው።

ያ ቀላል እርምጃ የሚጠይቀው ጊዜ ነው። እኛ ሲስተሙ ለጥገና የሚቆምበት ሰዓት ይፈቀድልን ብለን በተደጋጋሚ ጽፈናል። የተሰጠን መልስ «አገልግሎት አይቋረጥም» ነው፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ጆሮ ዳባ ልበስ ይባላል። እኛ የምንለምነው ሌሊት ላይ፣ ተገልጋዩ አስቀድሞ አውቆት፣ ለጥቂት ሰዓታት ነው። ሲስተሙ በአጥቂ ከቆመ ግን ሰዓቱን የምንመርጠው እኛ አንሆንም።

ወደ ባክአፕ፣ ማለትም ወደ መጠባበቂያ የመረጃ ቅጂ እንምጣ። በሪፖርት ላይ «ባክአፕ አለ» ይባላል። አዎ፣ አለ። ዲስኩ ሌት ተቀን ከዚያው ከዋናው ሰርቨር ጋር እንደተያያዘ ነው። ሰርቨሩን የቆለፈ አጥቂ ዲስኩንም ይቆልፈዋል። ደግሞም ከዚያ ዲስክ መረጃ መልሰን አስነስተን ሞክረን አናውቅም፤ መሞከሪያ ማሽን ተጠይቆ አልተገዛም። በሙያው የቆየ መመሪያ አለ። ሦስት ቅጂ ይኑር፤ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ይቀመጥ፤ አንዱ ከግቢ ውጪ ይሁን። ከእነዚህ አንዱ ከኔትወርክ ጨርሶ የተነቀለ እንዲሆን እኛ እንጨምርበታለን።

መርስክ የተባለው ግዙፍ የመርከብ ድርጅት በጁን 2017 በኖትፔትያ ጥቃት ሲመታ የኔትወርኩን የተጠቃሚዎች መዝገብ የያዙት ሰርቨሮች በየአገሩ ጠፉ። አንዱ የሌላውን ቅጂ የሚይዝ ስለነበር አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይበቃል ተብሎ ታስቦ ነበር። ሁሉም አብረው ይጠፋሉ ብሎ የገመተ አልነበረም። አንድ ቅጂ ብቻ ጋና ውስጥ ተገኘ፤ ያም የተረፈው በዚያ ሰዓት መብራት ጠፍቶ ከኔትወርክ ወጥቶ ስለነበር ነው። ድርጅቱ 4 ሺህ ሰርቨርና 45 ሺህ ኮምፒውተር እንደ አዲስ መጫን ነበረበት። ይህ አቅም ያለው ድርጅት ነው። ሁሉም እንደዚያ አይተርፍም። 158 ዓመት የሠራው የእንግሊዙ የጭነት ድርጅት ኬኤንፒ በ2023 ተጠቅቶ ተዘጋ፤ ወደ 700 ሰው ሥራ አጣ። የሳይበር ኢንሹራንስ ነበረው፤ ግን አላዳነውም።

ቤዛ ከፍለን እንገላገላለን የሚል ሐሳብ በስብሰባ ሲነሳ ሰምተናል። ኮሎኒያል 4.4 ሚሊዮን ዶላር ያህል ከፍሏል። የተሰጠው መክፈቻ ግን በጣም ስለዘገየ ከራሱ ባክአፕ መመለስ ግድ ሆኖበታል።

የመጨረሻው ቅሬታ ሲስተም በሌለበት ሰዓት እንዴት እንደምንሠራ ነው። እኛን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበን ይኸው ነው፤ ተገልጋይ ፊት ቆመን «ሲስተም የለም» የምንለው እኛ ነንና። የወረቀት ቅጾቹ ተሰብስበው ተወግደዋል። አዲስ የገቡ ሠራተኞች ሥራውን ያለ ኮምፒውተር ሠርተውት አያውቁም። የአደጋ ጊዜ ዕቅዳችን ራሱ፣ ማን ለማን እንደሚደውል የሚናገረው ከነስልክ ቁጥሩ፣ የተቀመጠው መጀመሪያ በሚቆለፈው የጋራ ፎልደር ውስጥ ነው። አላተምነውም።

ዲሴምበር 23 ቀን 2015 ዩክሬን ውስጥ አጥቂዎች የኤሌክትሪክ ማከፋፈያዎችን ከሩቅ ሲያጠፉ ወደ 225 ሺህ ደንበኞች መብራት አጡ። ሆኖም በሰዓታት ውስጥ ተመለሰ። ሠራተኞቹ ወደየማከፋፈያው ሄደው ማብሪያውን በእጃቸው መለሱት። በእጅ መሥራቱን አልረሱትም፤ ማብሪያውም ለእጅ የተመቸ ሆኖ ቆይቷል። የኖርዌዩ የአሉሚኒየም አምራች ኖርስክ ሃይድሮም በማርች 2019 ሲጠቃ ቤዛ አልከፍልም አለ። ምርቱን በእጅ እያሠራ፣ በየቀኑ ለሕዝብ መግለጫ እየሰጠ ተወጣው። ሠራተኛው ምን እንደሚያደርግ ያውቅ ነበር፤ ኃላፊዎቹም ነገሩን አልደበቁም።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

ሊንክ ወይም ፋይል በመክፈት ሠራተኛን የሚቀጣው አንቀጽ ይሰረዝ። በምትኩ «ወዲያው ያሳወቀ አይቀጣም» የሚል በፊርማችሁ የወጣ ደብዳቤ ለሠራተኛው ይድረስ። ሆን ብሎ ጉዳት ያደረሰ በሕግ ይጠየቅ፤ በዚህ ክርክር የለንም። ሌሊትም ሆነ በበዓል ሰው የሚያነሳው አንድ የስልክ ቁጥር ይመደብ፤ ቁጥሩም በየጠረጴዛው ይለጠፍ። ማረጋገጫ ለመጠየቅ አለቃው ጋር የደወለ ሠራተኛ እንዳይገሰጽ በክፍያ መመሪያው ውስጥ ይግባ። የክፍያ ወይም የባንክ ሒሳብ ለውጥ ትእዛዝ በኢሜይል ከመጣ፣ ቀድሞ በምናውቀው ቁጥር ሳይደወል አይፈጸም። ትእዛዙ ከእናንተ ቢመጣም እንዲሁ ይሁን።

የሁለት ደረጃ ማረጋገጫው ደንብ ከበላይ ኃላፊ ጀምሮ ያለ ልዩነት ይሥራ። ሠራተኛ ሲለቅ መልቀቂያው ላይ የአይቲ ፊርማ ይጨመርበት። ለአፕዴት በየወሩ ቋሚ የጥገና ሰዓት ይፈቀድ፤ ለሕዝብም አስቀድሞ ይነገር። ከኔትወርክ የተነቀለ ባክአፕ የምንይዝበት ዕቃ ይገዛልን። ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ ከባዶ ማሽን ተነስተን አገልግሎቱን ስንመልስ ከእናንተ አንዳችሁ አጠገባችን ሆናችሁ ሰዓት ያዙ። ስንት ሰዓት እንደፈጀብን ለቦርዱ ይቅረብ። ቢያሳፍረንም ይቅረብ።

እንዲሁም በዓመት አንድ ቀን እያንዳንዱ ክፍል ያለ ኮምፒውተር አገልግሎት ሰጥቶ ይለማመድ። ቅጾቹ ይታተሙ፤ የአደጋ ጊዜ ዕቅዱም በወረቀት ይኑር። ሥልጠናው ሠራተኛው በሚሠራበት ሥራ ላይ ይሁን፤ የሒሳብ ሠራተኛ የሚመጣባት ማታለያና የእንግዳ መቀበያው ሠራተኛ የሚመጣበት አንድ አይደሉምና። ሥልጠናው እስኪሰጥም ያስፈረማችሁን ወረቀት እንደ ማስረጃ አትያዙብን። በመጨረሻም ከእናንተ መካከል ለዚህ ጉዳይ በስሙ የሚጠየቅ አንድ ኃላፊ ይሰየም። ቅሬታችንን ለማን እንደምናቀርብ እስካሁን አናውቅም፤ በግልጽ ደብዳቤ የጻፍንላችሁም ለዚህ ነው።

ከላይ የጠቀስነው መመሪያ ተግባራዊ መሆን ጀምሯል። የመጀመሪያዎቹ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎች ከመውጣታቸው በፊት አንቀጹ እንዲታገድና ለውይይት እንድትጠሩን እንጠይቃለን። ምላሻችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

በአገልግሎት ሰጪ ተቋማትና በንግድ ድርጅቶች የሚሠሩ የሲስተም፣ የኔትወርክና የተጠቃሚ ድጋፍ ባለሙያዎች